ወታደሩ ዛሬ የት ያድራል?

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ ወታደር ሲያልፍ ያላየ ትውልድ የለም። ወደ ዓድዋ የዘመተው፣ ወደ ማይጨው የወረደው፣ በባቡር ተጭኖ ወደ ኮሪያ የሄደው፣ ከታጠቅ ተነሥቶ ወደ ኦጋዴን የገሠገሠው፣ ከባድመ የተመለሰው፣ ብዙው በዚህች ከተማ አንድ ሌሊት አድሯል ወይም አንድ ወር ሰንብቷል። የዘመቻዎቹን ስም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ወታደሩ ከውጊያው በፊትና በኋላ የት እንዳደረ፣ እራቱን ማን እንዳቀረበለት፣ ወጪውን ማን እንደቻለ ግን የምንሰማው በቁርጥራጭ ነው፤ አንዱን ከአያት፣ ሌላውን ከጡረተኛ ጎረቤት፣ ሌላውን አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ከምታከራይ እናት።

ቁርጥራጩ በየዘመኑ ተራ ሲደረደር የአላፊ ወታደር ማደሪያ የግምጃ ቤት ሹም ብቻ የሚያስብበት ጉዳይ እንዳልነበረ ይታያል። መንግሥት ያጸናበት ጊዜ አለ፤ መንግሥት የጣለበትም ጊዜ አለ። ሸክሙም አብዛኛውን ጊዜ የወደቀው ክተቱን ባላወጀው ሰው ላይ ነው።

እስከ 1880ዎቹ አጋማሽ፦ በገበሬው ጎጆ

የጎንደርን ዘመን ትተን ብንሄድ፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት ዋና ከተማ ለረጅም ጊዜ ተነቅሎ የሚተከል ሰፈር ነበር። የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ ይቆማል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ ከቀኝ፣ ግራዝማቹ ከግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። ጉዞው በጨለማ ቢያልቅ እንኳ እያንዳንዱ ጭፍራ የት ወርዶ የት እንደሚጭን ያውቃል። የሰፈሩ ሥርዓት እንዲህ የተስተካከለ ቢሆንም ጓዳው ባዶ ነበር። ወታደሩ ወር ጠብቆ የሚቀበለው ደመወዝ የለውም። በሶውን፣ ጭኮውን፣ ድርቆሹንና ዳቦ ቆሎውን አስይዞ፣ ሚስቱን ወይም ገረዱን አስከትሎ ይነሣል፤ ስንቁ ሲያልቅ ያለፈበትን አገር ይበላል።

ጦርነት በሌለበት ወራት ደግሞ ወታደር በገበሬ ቤት ይመራል። ይህ ተሰሪ የሚባለው ልማድ ገበሬው ለወታደሩ መኝታ፣ እራት፣ ለበቅሎውም ሣር እንዲያቀርብ ያስገድድ ነበር። የአገራችን ገበሬ የመሸበትን መንገደኛ "ቤት ለእንግዳ" ብሎ እግሩን አጥቦ የሚያሳድር ነው። ተሰሪው ግን ሲነጋ የማይሄድ እንግዳ ሆነበት። እንጀራውን ጋግራ፣ ጠላውን ጠምቃ የምታቀርበው የቤቱ እመቤት ናት፤ ወታደሩ ቢከፋው የሚማታውም በዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ልማዱን የሰበረው ረሃብ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የገባው ክፉ ቀን ከብቱን በበሽታ ፈጀው፤ በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ አልቻለም። ራሱን መመገብ ያቃተው ሰው ወታደር ሊቀልብ አይችልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ እየከፈለ፣ ወታደሩ ግን ከቤቱ እንዲወጣለት ደነገጉ። የአሥራት እህል በመንግሥት ጎተራ ገብቶ ሠራዊቱን ይቀልባል ማለት ነው። ሌላውም ዓለም በዚህ ጥያቄ ተጨንቋል፦ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1628 ለንጉሡ ካቀረባቸው ብሶቶች አንዱ ወታደር በሰው ቤት መመራቱ ነበር፤ አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1791 ክልከላውን በሕገ መንግሥታቸው ማሻሻያ ላይ አስገቡት። የምኒልክ ድንጋጌ ሁሉንም ገበሬ ነጻ አላወጣም። በደቡብ ነፍጠኛ በገባር ላይ የተተከለበት ሥርዓት ቀጥሏል። ሆኖም የወታደር ቀለብ የመንግሥት ዕዳ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዋጅ ተነገረ።

ከ1879 እስከ 1909 ዓ.ም.፦ ሰፈሩ ከተማ ሲሆን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሠራሯ ከጦር ሰፈር የተቀዳ ነበር። ግቢው ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ መኳንንቱ ዙሪያውን በየኮረብታው፣ ወታደሩ ደግሞ በጌታው አጥር ዙሪያ ጎጆ እየቀለሰ። የራስ መኮንን፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የደጃዝማች ውቤ እየተባሉ እስከ ዛሬ የሚጠሩት ሰፈሮች ያኔ የተተከሉ ናቸው። አንድ ራስ ከግዛቱ ሲመጣ በሺህ የሚቆጠር ጭፍራ ይዞ ይገባል፤ ሜዳው በአንድ ቀን ድንኳን ይለብሳል፤ ራሱ ሲመለስ ሰፈሩ ባዶ ይሆናል። የከተማዋ ሕዝብ ብዛት በመኳንንቱ መምጣትና መሄድ ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

ለአላፊ አግዳሚ ወታደር ማደሪያ የሚሰጠው ጌታው ነው። ጌታ የሌለው ወታደር ማደሪያም የለውም። ከጌታው በላይ ያለው ማዕድ የግቢው ግብር ነበር። በምኒልክ አዳራሽ መኳንንቱ ቀድመው፣ ወታደሩ ቀጥሎ በየተራ እየገባ ጥሬ ሥጋውን ይቆርጣል፤ ጠጁን በቀንድ ዋንጫና በብርሌ ይጠጣል። ግብሩ ደስታ ብቻ አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጣ ወታደር የጌታውን ጌታ በዓይኑ አይቶ፣ ከእጁ በልቶ የሚመለስበት ሥርዓት ነው።

በመስከረም 1888 የታወጀው የዓድዋ ክተት ሌላ ብልሃት አሳየ። የሸዋ ጦር እንዲገናኝ የታዘዘው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን በወሎ፣ ወረ ኢሉ ላይ ነው። ሌሎቹም ወደ ግንባሩ በሚወስደው መንገድ እየተቀላቀሉ እንዲሄዱ ተደረገ። ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ከተማ ያን ሁሉ ሕዝብ ልቀልብ ብትል አትችልም ነበር። መገናኛውን ወደ መንገድ ማውጣቱ ሸክሙን በብዙ አገር ላይ አካፈለው።

ከድሉ በኋላ ደግሞ ከተማዋ ያልተለመደ እንግዳ ተቀበለች። የተማረኩት ጣሊያኖች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በየመኳንንቱና በየሰዉ ቤት ተከፋፈሉ። በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ ውል ተፈርሞ እስኪለቀቁ ድረስ የበሉት የባላገሩንና የከተሜውን እንጀራ ነው። ሲለቀቁም የቀለባቸው ወጪ ጉዳይ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ውስጥ ገባ። ለወታደር መኝታና እራት በገንዘብ የሚተመን ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ በይፋ የተነገረበት ጊዜ አልነበረም።

የድንኳን ከተማ ጠላቷ ማገዶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው እንጀራ ሲጋግር፣ ወጥ ሲሠራ፣ በብርድ ሲሞቅ የእንጦጦ ደን አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ግንባታ አስጀምረውም ነበር። እንደ ጥንቱ ቢሆን ሰፈሩ ተነቅሎ ይሄድ ነበር። ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ መብቀሉ ከተማዋን ባለችበት አጸናት። ከዚህ በኋላ የሚያልፈው ወታደር እንጂ ከተማዋ አልነበረችም።

ከ1909 እስከ 1920 ዓ.ም.፦ የነፋስ ስልክ ሰፈር

በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ሲካሄድ አዲስ አበባ በሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ሆና የአገሪቱን ዕጣ ትጠብቅ ነበር። ድል ያደረገው ጦር ወደ ከተማ ሲመለስ ምርኮኛውን የወሎ ንጉሥ ሚካኤልን ይዞ ነው፤ ሕዝቡም ሰልፉን ያየው በጃን ሜዳ ነው። ጃን ሜዳ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለመጣ ጦር መሰለፊያ ሲሆን ቆይቷል። በዚያው ዓመት የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ወታደርን በእግር ከማስኬድ ሌላ አማራጭ ተገኘ፤ ጥቅሙ ግን የታየው ዘግይቶ ነው።

የአላፊ ወታደር ሰፈር ራሱ የሥልጣን ሚዛን መሆኑ የተገለጠው በየካቲት 1920 ነው። የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ ከዓድዋ ጀምሮ ስማቸው የገነነ፣ የአልጋ ወራሽ ተፈሪን (የኋላውን ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን) አገዛዝ ያልወደዱ ሰው፣ ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ በሺዎች የሚቆጠር ጦራቸውን ይዘው መጡና ከከተማው ደቡብ ነፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። ተፈሪ ደጃዝማቹን በግቢ ለግብር ጋበዟቸው። ባልቻ የመረጧቸውን ጠባቂዎች አስከትለው ገቡ፤ የቀረው ጦር ሰፈሩ ውስጥ ቀረ።

እሳቸው ማዕድ ላይ ሳሉ የተፈሪ ሰዎች፣ በራስ ካሳ መሪነት፣ ወደ ነፋስ ስልክ ወርደው ለወታደሩ ገንዘብ እየሰጡ ወደ አገሩ እንዲመለስ አደረጉ። ያ ጦር ከሲዳሞ ድረስ በእግሩ የመጣ፣ ስንቁ የተመናመነ፣ ከተማ ዳር በድንኳን የሚያድር ጦር ነበር። እዚያ የሚያቆየው የጌታው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን የሚያጸናው ቀለብ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩን ባዶ አገኙት። ሹመታቸውን ተገፈው ታሰሩ፤ ኋላም ወደ ገዳም ገቡ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ የድሮው ሥርዓት ጉልበቱ ያለቀው በዚያ ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛና በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የታየው ደመወዝተኛ፣ በመንግሥት ካምፕ የሚያድር ሠራዊት ከዚህ ትምህርት የራቀ አልነበረም።

1928 ዓ.ም.፦ ክተትና ሽሽት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ሲሻገር የግቢው ነጋሪት ተጎሰመ። በጥቅምት ወር የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ የመሐል ሰፋሪውን ጦር እየመሩ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለሰዓታት ሲያልፉ የሰልፉ ዓይነት ግማሹ ዘመናዊ፣ ግማሹ የጥንት ነበር። የክብር ዘበኛ ወታደር የደንብ ልብሱን ለብሶ በሰልፍ ይሄዳል፤ የባላገሩ ዘማች ደግሞ አቡጀዲውን ለብሶ፣ ባዶ እግሩን፣ ስንቁን በአህያና በሚስቱ ጀርባ አስጭኖ ይከተላል። ከተማዋ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ምኒልክ ዘመን መልኳ ተመለሰች፤ ሜዳው ሁሉ ድንኳንና የማገዶ ጭስ ሆነ።

መመለሻው ግን ሥርዓት አልነበረውም። ከማይጨው በኋላ የተረፈው ወታደር በተናጠልና በቡድን፣ ከአውሮፕላን ቦምብና ከመርዝ ጋዝ አምልጦ፣ ቁስሉን በነጠላ አስሮ ወደ አዲስ አበባ ገባ። የሚቀበለው ሹም አልነበረም፤ ጎተራው የማን እንደሆነ የሚያውቅም አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማዋን ለቀው ከሄዱ በኋላ ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ባሉት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፤ የአራዳ ሱቆችም ተቃጠሉ። ዘራፊው ወታደር ብቻ አልነበረም፤ የከተማውም ሰው አለበት። ሆኖም ደመወዝ፣ ቀለብና አዛዥ የሌለው የታጠቀ ሰው በአንድ ጊዜ ከተማ ውስጥ ሲከማች ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ላይ አየችው። የመጨረሻ ጊዜዋ አልነበረም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ገበያው ወደ ምዕራብ

ጣሊያኖች ለአዲስ አበባ ያወጡት ፕላን ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ነበር። ለራሳቸው ሹማምንትና ሠራተኞች ካዛንቺስንና ፖፖላሬን የመሰሉ መንደሮች ሠሩ። ኢትዮጵያዊው ከአራዳ እንዲወጣ ተደረገ፤ በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው ትልቁ ገበያም ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ከተማ ተብሎ ወደተሰየመው ቦታ ተዛወረ። የዛሬው መርካቶ መነሻው ይህ ውሳኔ ነው።

ውሳኔው የተወሰነው ለዘር ልዩነት ሲባል ነው፤ ያላሰበው ውጤት ግን ለአላፊው ሰው ማደሪያ መፍጠሩ ነበር። በከተማው አንድ ጎን ገበያው፣ የጭነት መኪናው ማራገፊያ፣ ጠላ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱና የመኝታ ክፍሉ ተጠጋግተው በቀሉ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ሸቀጡ ካለበት ርቆ ማደር አይፈልግም። ነጋዴው ያደረበት ቤት ለሌላውም መንገደኛ ይሆናል። መጋቢት 28 ቀን 1933 የእንግሊዝ አዛዦች የመሯቸው የአፍሪካ ወታደሮች ከተማዋን ሲይዙ፣ ከአንድ ወር በኋላም ንጉሠ ነገሥቱና አርበኞች ሲገቡ፣ ከበረሃ የወጣው ባላገር ሸቀጥ የሚያይበትና ዘመድ የሚጠይቅበት መርካቶ ቆሞ ጠበቀው።

ከ1943 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ባቡሩ፣ አውቶቡሱና የውሃው ፓምፕ

ሠራዊት በሥርዓት ሲጓዝ ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ ያየችው በሚያዝያ 1943 ነው። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሰንደቁን ተቀብሎ ከለገሐር በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኮሪያ ሄደ። ተራራ ላይ የተደረገው ልምምድ፣ ካምፑ፣ የባቡሩ ፉርጎ፣ መርከቡ፣ ፑሳን ላይ የጠበቀው ማሰልጠኛ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነበር። በየተራው ወደ ኮሪያ ከተላኩት ከ6,000 በላይ ወታደሮች መካከል አንድም አልተማረከም። ጀግንነቱ የራሳቸው ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የት አድራለሁ፣ ነገ ምን እበላለሁ ብሎ መጨነቅ ያልነበረበት ሠራዊት መሆኑም አብሮ መነገር አለበት።

ከክብር ዘበኛው ሌላ ምድር ጦሩ በአሥመራ፣ በሐረርና በአዲስ አበባ ክፍለ ጦሮች ሲደራጅ ሌላ ዓይነት አላፊ ተፈጠረ፤ ፈቃድ የወጣ ወታደር። ለዘመቻ የሚሄድ ጦር በመንግሥት መኪና ይጫናል፤ እናቱን ለማየት ከሐረር ወደ ጎጃም የሚሄድ አሥር አለቃ ግን በራሱ ኪስ ነው የሚጓዘው። መንገዱም በአውቶቡስ ተራ ያልፋል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሳፋሪ ይጠራል፤ ማታ ጉዞ የለም። አመሻሽ ላይ የደረሰ ሰው ሌሊቱን እዚያው አካባቢ ካላደረ የነገው መኪና ያመልጠዋል። በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛና በመርካቶ ዙሪያ አልጋ ቤቱ የበዛበት ምክንያት ከዚህ የተወሳሰበ አይደለም።

ገንዘብ ያለው አንድ ክፍል ይይዛል፤ የሌለው አራት አምስት አልጋ ከተደረደረበት ክፍል አንዱን፤ ከዚያ ያነሰው ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍለታል። ትኋኑና ቁንጫው የጋራ ነው። አከራዮቹ ባብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ወታደር ነው ብለው የሚፈሩም፣ ወንድሜ ብለው ሻንጣውን የሚያስቀምጡለትም ነበሩ። ሲነጋ የብረት ሳጥኑን በተሸካሚ አስይዞ ወደ መናኸሪያው ይሮጣል። ያ ሳጥን አንዳንዴ ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ በምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች እጅ የተሠራ ነው፤ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከጎማ በረባሶ፣ ከጣሳ ማሾ የሚያወጡ ሰዎች ለወታደርም ለተማሪም ሳጥን ይሠሩ ነበር።

ንጉሠ ነገሥታዊው ሠራዊት በውጭ ሲታይ አምሮ ሳለ ራቅ ባለው የጦር ሰፈር ኑሮው ሌላ ነበር። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ያለው ጦር አመፀ። ምክንያቱ የተበላሸ ምግብና ውሃ ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተሰብሮ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አብልተው፣ የሚጠጡትን ውሃ አጠጧቸው። ወሬው ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ የደመወዝ ጥያቄው ተጨመረበት፤ ታክሲው፣ መምህሩና ተማሪው ተከተሉ።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተወከሉ ከመቶ የሚበልጡ ወታደሮች በአዲስ አበባ በአራተኛ ክፍለ ጦር ጠቅላይ መምሪያ ተሰበሰቡ። ከሐረር፣ ከአሥመራ፣ ከነገሌ የመጡ፣ ጉዳያቸው ሲያልቅ ወደየክፍላቸው የሚመለሱ መልእክተኞች ነበሩ። ደርግ ተባሉ፤ የአንዳንዶቹ ቆይታ 17 ዓመት ሆነ።

ከ1969 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ ታጠቅና የቀበሌ አዳራሽ

በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ጦሯን ወደ ኦጋዴን ስታስገባ መደበኛው ሠራዊት በኤርትራ ተይዞ ነበር። የእናት አገር ጥሪ ወጣ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ ከየክፍለ ሀገሩ ተሰብስቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ በተቋቋመው ታጠቅ ጦር ሰፈር ከተመ። ነፋስ ስልክና ጃን ሜዳ ያላዩት ብዛት ነው። ሚሊሻው በጥቂት ወራት ሠልጥኖ በሰኔ ወር በአብዮት አደባባይ ተሰልፎ ወደ ግንባር ተንቀሳቀሰ። በየካቲት 1970 ካራማራ ላይ ድሉ ሲገኝ ታጠቅ የድሉ መነሻ ተባለ።

ታጠቅን የቀለበው ግን ግምጃ ቤቱ ብቻ አልነበረም። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" በተባለበት በዚያ ዘመን የስንቁ ሥራ ወደ ቀበሌ ወረደ። የመርካቶ ነጋዴ መዋጮ ይጻፍበታል፤ የየቀበሌው ሴቶች በሶ ይፈጫሉ፣ ዳቦ ቆሎ ይጋግራሉ፣ ድርቆሽ ያደርቃሉ። ስንቁ ከምኒልክ ዘመን ስንቅ አልተለየም፤ የተለየው የሚሰበስበው ሹም ነው። አሥራት ከገበሬው ቤት ያወጣው ሸክም በዚህ ጊዜ ወደ ከተሜው ጓዳ ገባ። ብዙው ሰው በመጀመሪያው ዓመት በፍቅር ሰጠ። ጦርነቱ ከኦጋዴን ወደ ሰሜን ዞሮ ዓመታት ሲፈጅ ግን መዋጮው እንደ ግብር ተቆጠረ።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለሥልጠናና ለአገልግሎት ግዴታ ጣለበት። ቀበሌው ኮታ ተሰጠው፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳው መጣ። ሥራ ፈላጊና መንገደኛ የሚበዛበት መርካቶ ለአፋሽ የተመቸ ነበር። ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ ከአገሩ በዚያን ዕለት የገባው ልጅ ወላጆቹ ሳያውቁ ተይዞ ቀበሌ አዳራሽ ያድራል። የሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ያለ ብርድ ልብስ፣ በር ተዘግቶበት። እናቶች ወሬውን ሰምተው በሳህን ምግብ ይዘው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ከቀናት በኋላ በመኪና ተጭኖ ወደ ማሰልጠኛ ይሄዳል። የአላፊ ወታደር ማደሪያ እስር ቤት የመሰለበት ዘመን ይህ ነው፤ ያ ሠራዊት በመጨረሻ ለምን እንደተበተነ ለሚጠይቅ መልሱ ከፊሉ በእነዚያ አዳራሾች ወለል ላይ ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም.፦ በከተማው ያደረው ሠራዊት

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ። ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በመካከሉ ባሉት ቀናትና ከዚያም በኋላ ከየግንባሩ የተበተነው ወታደር በእግሩና ባገኘው መኪና ከተማዋን አጥለቀለቃት። ከኤርትራ ግንባር የሸሸው ብዙው ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ሌላው ወደ ኬንያና ወደ ጅቡቲ። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ የሚቀበለው አጣ። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ በሱቅ በረንዳ፣ በመናኸሪያ ደጃፍ አደረ። የደንብ ልብሱን ለብሶ ምጽዋት የጠየቀ ነበር፤ ጠመንጃውን በእራት ዋጋ የሸጠም ነበር። ከ1928ቱ ሚያዝያ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነበረው፤ ሆኖም በዚህ ጊዜ ከተማዋ አልተቃጠለችም። ነዋሪው እንጀራ እያካፈለ፣ ለመንገደኛው ሲቪል ልብስ እየሰጠ፣ አንዳንዱም በጓዳው እየደበቀ አሳለፈው።

የቀረውን መርካቶ ተቀበለው። ካፖርቱ፣ ኮዳው፣ ብርድ ልብሱና ጫማው ወደ ገበያ ገባ። ከውትድርና ሌላ ሙያ ያልነበረው ሰው ተሸካሚ፣ ዘበኛ፣ የቆርቆሮ ለቃሚ፣ የምን አለሽ ተራ ቸርቻሪ ሆነ። ለአንድ ሌሊት የያዘውን ፍራሽ ለወራት ያልለቀቀ ብዙ ነው፤ ወደ አገሩ እንዳይሄድ የሚያሳፍረው ነበር፣ መሬቱን የተነጠቀ ነበር፣ መሣፈሪያ ያጣም ነበር።

የሽግግሩ መንግሥት በሰኔ 1983 የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቋቋመ። 455,000 ገደማ የቀድሞ ወታደሮች እንዲበተኑ ተደረገ። በካምፖች ተሰብስበው ተሃድሶ ከወሰዱ በኋላ ስንቅና ትራንስፖርት ተሰጥቷቸው ወደየመጡበት ተሸኙ። ቀይ መስቀልን የመሰሉ ድርጅቶችም በማጓጓዙ ረድተዋል። በአፍሪካ እስከዚያ ጊዜ ከተደረጉት ሠራዊት የመበተን ሥራዎች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው። ገጠር የተመለሰው መሬት እያገኘ ቀስ በቀስ ተቋቋመ። በከተማ የቀረው ላይ ግን ሥራ አጥነቱ ጠና፤ ብዙው ከመርካቶ ጉልበት ሥራ ሌላ ደጃፍ አልተከፈተለትም።

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ

ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ከጥቂት ዓመታት በፊት የተበተነው ወታደር ልምዱ ተፈልጎ እንደገና ተጠራ። ከደቡብና ከምዕራብ የመጣው ምልምል በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭኖ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሰሜን አለፈ። ስንቁ እንደገና በቀበሌ ተዘጋጀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሰላም ሲፈረም እንደገና መበተን መጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነትም የአዲስ አበባ ሴቶች በየሰፈሩ ደረቅ ስንቅ ሲያዘጋጁ ታይተዋል። ምጣዱ ያው ነው።

በመካከሉ ከተማዋ ተለውጣለች። የአገር አቋራጭ መነሻው አውቶቡስ ተራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አየር ጤና ተከፋፍሏል። መርካቶም እየፈረሰ በፎቅ እየተተካ ነው፤ ፎቁ የሚቀበለው ሱቅ ነው እንጂ በትንሽ ገንዘብ የሚያሳድር ፍራሽ አይደለም። ፈቃድ የወጣ ወታደር በኪሱ ልክ የሚያድርበት ቤት ከገበያው እየራቀ፣ ዋጋውም እየናረ ሄዷል።

ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ወደ ግንባር የሚሄድ ወታደር ነጋሪት ተጎስሞለት፣ ባንዲራ ተሰጥቶት፣ ስንቅ ተሰንቆለት ሄዷል። የሚመለሰው ግን ከ1983ቱ ኮሚሽን በፊት ይህ ነው የሚባል ተቀባይ አልነበረውም፤ ኮሚሽኑም የመጣው ሠራዊቱ በረንዳ ላይ ካደረ በኋላ ነው። ባልቻን የጣላቸው ያልተከፈለ ጦር ነው፤ ዘውዱን ያናወጠው ያልተጠገነ ፓምፕ ነው፤ ደርግን የተበተነ ሠራዊት ሲያዋርደው ያየነው በራሱ ዋና ከተማ ጎዳና ላይ ነው። ሦስቱም ጥፋቶች በጊዜ ቢታሰብባቸው የሚጠይቁት ወጪ እህል፣ ውሃና ጣሪያ ነበር። ወታደር የሚልክ መንግሥት የመሄጃውን ቀን ሲቆርጥ የመመለሻውንም ማደሪያ አብሮ ካልቆረጠ ሒሳቡ ተሰርዞ አይቀርም፤ ቀድሞ በባላገሯ ጎጆ፣ ኋላም በመርካቶ አልጋ ቤት እንዳየነው፣ ከፋዩ ብቻ ይለወጣል።